ሸራ ጫማ ተጫምተው ሽምግልና የሄዱት መምህር

በየሰፈሩ፣ ጫማውን ብቻ ሳይሆን የጫማውን ታሪክ ጭምር ተጫምቶ የሚዞር አንድ ሰው አይጠፋም። የሶዶው ሊቀ ሊቃውንት ዘሸራ ጫማ፣ የስፖርት መምህሩ ኤልሳዕ ናቸው። ጎረቤታቸው አቶ ቦልቴ ይህንን ትምህርት ሳይመዘገቡ ስንቴ እንደ ጨረሱት አያውቁም።

«ይሄ ጫማ ታሪክ አለው» ካሉ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ማምለጫ የለም። አሜሪካ ውስጥ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ተሠርቶ፣ ከሜዳ ወጥቶ እንዴት የዘፋኝ፣ ከዚያም የተማሪ ጫማ እንደ ሆነ፣ ዛሬ ሙሽራ ሳይቀር ከሱፍ ጋር እንደሚያደርገው ይተርካሉ። አንድ ቀን ኦቶና ሆስፒታል ወረፋ ላይ ከጎናቸው የተቀመጠ በሽተኛ፣ ስሙ ሲጠራ እፎይ ብሎ ወደ መርፌው ሮጧል።

እውነቱ ግን ቦልቴ በሆዳቸው ያደንቋቸዋል። የክረምቱ ቀይ ጭቃ ሀብታምና ድሃ ሳይል ሁሉንም ሲያቦካ፣ የኤልሳዕ ሸራ እንደ ነጣ ይውላል። ቅዳሜ ቅዳሜ በጥርስ ብሩሽ ይፈትጉታል፤ ፀሐይ ቢጫ እንዳያደርገው በሶፍት ጠቅልለው ያሰጡታል።

ጭንቁ የመጣው ቦልቴ ለእህታቸው ልጅ ለቢኒ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲመርጡ ነው። ቢኒ «ያስተማሩኝ ጋሽ ኤልሳዕ ካልሄዱልኝ» ብሎ ድርቅ አለ። የልጅቷ አባት አቶ ኤርሳዶ ደግሞ ሰውን ከእግሩ ጀምረው የሚመዝኑ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰዋል።

«ወንድም ኤልሳዕ፣ ለዛሬ እንኳ የቆዳ ጫማ አድርግ» ሲሉ ቦልቴ ለመኑ። ሰሚ አላገኙም።

ኤርሳዶ ቤት እንደ ቆሙ ጸሎት ተጀመረ። ቦልቴ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ ቢያደርጉ፣ የኤርሳዶም ዓይን ተገልጦ ሸራው ላይ ተተክሏል። ጉዳችን ፈላ፣ ቢኒ ሚስቱን በጫማ አጣ፣ አሉ በልባቸው።

ከአሜን በኋላ ኤርሳዶ «ይሄ ጨርቅ ስንት ክረምት አለፈ?» አሉ።

«ዘንድሮ ሰባት።»

«ማነው የሚያጥበው?»

«ራሴ ነኝ።»

ኤርሳዶ ጎንበስ ብለው ሸራውን በቅርበት አዩት። «በሶዶ ጭቃ ጨርቅን ሰባት ክረምት የጠበቀ ሰው ነው ቢኒን ያስተማረው። እንግዲህ ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ» አሉ።

ቦልቴን ከደስታ ብዛት እንባ እንባ አላቸው። ኤርሳዶ ግን «አንድ ነገር ይቀራል» ሲሉ መልሰው ደነገጡ።

«ለሠርጉ ለእኔም እንዲህ ያለ ይፈለግልኝ። እግሬ አርባ ሦስት ነው።»

ቦልቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ኤልሳዕን ሳያዩ፣ «ሁለት ይሁን፤ እኔ አርባ አንድ ነኝ» አሉ።