ስለ ቀይዋ መኪና ቆጣሪና ስለ ወይዘሮ ጾንካ ግማሽ ድምፅ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ዓርብ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዋዜማ
ቦታ፦ ስታራ ዛጎራ፣ ሕንፃ 17፣ የመግቢያ «ለ» ግቢ፣ ከቀይዋ መኪና አፍንጫ ፊት ለፊት
ስብሰባው የተከፈተበት ሰዓት፦ ከቀኑ 11፡30

የተገኙ አባላት፦
1. ወይዘሮ ዝድራቭካ፣ የመግቢያው አስተዳዳሪ፣ በጡረታ የተገለሉ የጂኦግራፊ መምህርት፤ ሰብሳቢ
2. አቶ ሳቢ፣ ጡረተኛ የትሮሊ (ከላይ ከተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተያይዞ የሚሄድ) አውቶቡስ ሹፌር፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ፤ ገዢ
3. አቶ ጌንቾ፣ ያገለገሉ መኪኖችን ከጀርመን እያመጡ የሚሸጡ፤ ሻጭ
4. አቶ ዲሞ፣ ጀርመን አገር ብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱ፤ የቴክኒክ አማካሪ
5. ወይዘሮ ጾንካ፣ ልብስ ሰፊ፤ ከምድር ቤት መስኮታቸው ሆነው፣ ከወገብ በላይ

ጸሐፊ፦ ኩንቾ። እስክሪብቶ ይዞ በመገኘቱ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል፤ እሱ ግን ድምፅ የለውም።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በመግቢያው ዘጠኝ ቤቶች ስላሉ ግማሹ አራት ተኩል ነው። ሙሉ ሰው የሆኑ አራት አባላት ተገኝተዋል። ወይዘሮ ጾንካ በመስኮት የሚታየው ግማሽ አካላቸው ስለሆነ በግማሽ ተቆጥረው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ወይዘሮ ጾንካ «ግማሹ የትኛው ነው፣ የሚያስበው ነው የሚሄደው?» ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢዋ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለዋል።

አጀንዳ 1፦ ቆጣሪው ይዋሻል ወይስ አይዋሽም?

አቶ ሳቢ ጉዳዩን እንዲያስረዱ ተጋብዘው፣ ባለ ሁለት ወንበሯን ቀይ የስፖርት መኪና ለመግዛት መወሰናቸውን፣ ነገ ለበዓሉ ወይዘሮ ጾንካን ይዘው ወደ ሶዞፖል የባሕር ዳርቻ ሊወርዱ ማሰባቸውን፣ ሌላ ገዢ ደግሞ ከቡርጋስ ከተማ ተነስቶ እየመጣ መሆኑን ገልጸው ጎረቤት አንድ ጊዜ ዓይኑን ጣል እንዲያደርግላቸው ብቻ ለምነዋል። ሰብሳቢዋ በዚህ መግቢያ ዓይን የሚጣለው በኮሚቴ ነው ብለዋል።

የመኪናዋ ቆጣሪ ስድሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያሳያል። አቶ ጌንቾ የቀድሞ ባለቤቷ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት እንደነበሩና እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይሄዱባት እንደነበር አስረድተዋል።

አቶ ዲሞ ምርመራ አካሂደው የሚከተለውን አቅርበዋል፦ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። የመሪው ቆዳ በግራ በኩል እንደ መላጣ ራስ ያብለጨልጫል። የሹፌሩ ወንበር ወደ አንድ ጎን ጎድጉዷል። ጉድጓዱ የማን ቅርጽ እንደሆነ ለማጣራት አባላት በየተራ ተቀምጠው የሞላው አልተገኘም። አቶ ዲሞ «ወንድሜ፣ ያንተ አሮጊት መቶ አርባ ኪሎ ናት» ሲሉ፣ አቶ ጌንቾ «ጥንካሬዋን አታውቅም፣ ዘማሪ ነበረች» ብለው መልሰዋል።

በመቀጠል አቶ ዲሞ የመመርመሪያ መሣሪያቸውን ከመሪው ሥር ሰክተው የፍሬኑን ኮምፒውተር ጠየቁት። ኮምፒውተሩ ሁለት መቶ ስድሳ አንድ ሺህ አለ። አቶ ጌንቾ ከፊት ያለችው «2» ቁጥር መንገድ ላይ ወድቃ ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቅርበዋል።

ሰብሳቢዋ የጎደለው ሁለት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር መሬትን አምስት ጊዜ እንደሚያዞር በሙያቸው አስልተው «አምስት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን ስታጣው ነው!» ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ቆጣሪው እንደሚዋሽ ተወስኗል። አቶ ዲሞ ድምፅ ሲሰጡ ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ስለነቀነቁ፣ ይህም በእኛ አገር «አይ» ማለት ስለሆነ (ግራና ቀኝ መወዝወዝ ነው «አዎ»)፣ በጀርመን ራስ ነው ወይስ በእኛ ተብለው ተጠይቀው በጀርመን መሆኑን አረጋግጠዋል፤ ተቃውሟቸው ወደ ድጋፍ ተዛውሯል።

አጀንዳ 2፦ ቆጣሪውን ማን ወደ ኋላ መለሰው?

አቶ ጌንቾ ጥፋቱ የራስ አነቃነቅ መሆኑን፣ ነገር ግን የእሳቸው አነቃነቅ ብቻ አለመሆኑን ተናግረዋል። ዝርዝሩም፦ ሻጩ ጀርመናዊ የድሮው ቆጣሪ ተቃጥሎ አዲሱ ከዜሮ እንደተነሳ ነግሯቸዋል። ቀጥሎም «እውነተኛውን ኪሎ ሜትር ወረቀቱ ላይ ልጻፍልህ?» ብሏቸዋል። «እኔም እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው 'አዎ' ብዬ ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። ሰውዬው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተው! እኔ ምን ላድርግ?»

ወይዘሮ ጾንካ ከመስኮት «አሮጊቷ መቼ ሰውዬ ሆነች?» ብለው ጠይቀዋል። አቶ ጌንቾ መልስ ለመስጠት ጊዜ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል፤ ተሰጥቷል፤ ጊዜውን የመኪናዋን መስታወት ሲወለውሉ አሳልፈውታል።

ሰብሳቢዋ በድንገት «አንተ፣ ቆጣሪውን የመለስከው አንተ ነህ?» አሉ። አቶ ጌንቾ ደንግጠው ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁ፤ ማለትም ካዱ። አቶ ዲሞ «አመነ! በዓይናችሁ አያችሁ!» ብለው ጮኹ። አቶ ጌንቾ ለእሳቸው እንዲገባ ብለው ወደ ግራና ቀኝ ቢወዘውዙ ሰብሳቢዋ «ይኸው አሁን አመነ» አሉ። ከዚያ በኋላ የአቶ ጌንቾ ራስ በክብ ሲዞር ታይቷል። ጸሐፊው ይህን እንዴት እንደሚመዘግብ ቢጠይቅ «እንዳየኸው ጻፍ» ተብሏል። በክብ ዞሯል፤ ኮሚቴው ግን በሁለቱም አገር አነቃነቅ እንዳመኑ ቆጥሮታል።

አጀንዳ 3፦ በመግቢያው ውስጥ ስለሚገኙ ሌሎች ቆጣሪዎች

አቶ ጌንቾ ለመኪና የወጣ ሕግ ለሰውም ይሠራል በሚል፣ ከዛሬ ጀምሮ በመግቢያ «ለ» ማንም ወደ ኋላ የመለሰውን ሁሉ በይፋ እንዲናገር ሐሳብ አቅርበው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ውሳኔው ከሰብሳቢዋ ዕድሜ እንዲጀምር ሲጠየቅ ሰብሳቢዋ የሻይ ዕረፍት አውጀዋል። ሻይ አልነበረም። ከዕረፍት መልስ አቶ ዲሞ ቀለም የተቀባ ፀጉራቸውን በተመለከተ የጀርመን ውሃ ነው ብለዋል።

አጀንዳ 4፦ አቶ ሳቢ መኪናዋን እንዳይገዙ ስለመከልከል

ክልከላው በሦስት ድምፅ ከተወሰነ በኋላ አቶ ሳቢ የመናገር ዕድል እንዳልተሰጣቸው ታውቆ ተሰጥቷቸዋል። «ስንት እንደሄደች አልጠየቅኳችሁም» አሉ። «ጾንካ ስንት ዓመት ሙሉ በሁለት ቁጥር ትሮሊ ከኋላዬ ቆማ ወደ ሥራ ስትሄድ ነበር። ከራሴ በላይ 'ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው' የሚል ጽሑፍ ነበረ። እኔ ደግሞ ደንብ አክባሪ ነኝ። እዚህች መኪና ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ አጣሁ። ሶዞፖል ካደረሰችኝ ይበቃኛል።»

ወይዘሮ ጾንካ «እኔም እኮ ማንበብ እችላለሁ፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት» ብለዋል።

አቶ ዲሞ «ጋሼ ሳቢ፣ መንገድ ላይ ብትቆምስ?» ሲሉ፣ አቶ ሳቢ «ትሮሊውም ከሽቦው እየወለቀ ሁልጊዜ ይቆም ነበር፤ ያኔ ጸጥ ብለን ነበር የምንቆመው፤ አሁን እያወራን እንቆማለን» ብለው መለሱ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ጾንካ መስኮታቸውን ዘጉት። ምልዓተ ጉባኤው ፈረሰ። ድንጋጤ ተፈጠረ። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ጾንካ ባርኔጣ አድርገው፣ ቦርሳ ይዘው፣ ከነእግራቸው በበሩ ወጡ። አቶ ጌንቾም ወዲያው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሱ፦ እስከ አሁን የወሰነው የላይኛው ግማሽ ብቻ ስለሆነና የታችኛው ግማሽ ስላልተጠየቀ፣ የተወሰነው ሁሉ እንደገና መታየት አለበት። አጀንዳ 3ን ያስታወሱት ሰብሳቢ ሐሳቡን ከማንም ቀድመው ደግፈዋል።

ውሳኔ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው በሙሉ ተሽሮ ወደ ዜሮ ተመልሷል። አቶ ጌንቾ መመለሱን በነፃ እንደሚሠሩት፣ ስብሰባው የፈጀውን ጊዜም አብረው እንደሚቀንሱ ቃል ገብተዋል። ቆጣሪውን የነካው ማን እንደሆነ ኮሚቴው ከዚህ በኋላ አያውቅም።

በመጨረሻም ሰብሳቢዋ «ጾንካ፣ በሙሉ አካልሽ እጠይቅሻለሁ፤ መሬትን አምስት ጊዜ ዞራ በደበቀች መኪና ከዚህ ሰውዬ ጋር ትሄጃለሽ?» አሉ።

ወይዘሮ ጾንካ ራሳቸውን ግራና ቀኝ፣ ቀስ ብለው፣ ደጋግመው ወዘወዙ።

አቶ ዲሞ «አይዞህ ጋሼ ሳቢ» ብለው ትከሻቸውን መታ መታ ሲያደርጉ ወይዘሮ ጾንካ በሩን ከፍተው ገብተው ነበር። አቶ ሳቢም በትልቁ ጀርመናዊ ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ዘንበል ብለው ተቀመጡ። መኪናዋ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ከግቢው ሲወጡ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲያወሩ ተሰምቷል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡00 ሰዓት፣ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ተዘግቷል። ጸሐፊው ሰዓቱ ትክክል ስለመሆኑ ቢጠይቅ የቀሩት አባላት በሙሉ፣ አቶ ዲሞም ጭምር፣ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዝውዘዋል።