ጠላዬ በእንግሊዝኛ የተቀመሰ ቀን

ሰው ቤት ጠላ ጠጥታችሁ፣ «ያለፈው ወር ይሻል ነበር» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ካላችሁ፣ እንኳን በሕይወት ተገናኘን! በእኛ በሰበታው የሚካኤል ማኅበር እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም። ባለተራው ይደግሳል፣ ማኅበርተኛው ይበላል ይጠጣል፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላል፣ አለቀ። ጠላው ይኮምጥጥ፣ ውኃ ይሁን፣ ምርቃቱ ያው ነው።

ታዲያ ሰው መውደድ አለመውደዱ በምን ይታወቃል? በእጁ ነዋ! ጠላው ያልጣመው ሰው አንዱን ዋንጫ እንደምንም ይጨርስና፣ ቀጂዋ ስትመጣ የዋንጫውን አፍ በመዳፉ ክድን ያደርጋል። «በቃኝ፣ ዛሬ ሆዴን አሞኛል» ይላል። የቤቱ ሰው ሆድ ሁሉ በአንድ ቀን ካመመ ግን ባለቤቲቱ መግቢያ ቀዳዳ ይጠፋታል።

እኔ መጀመሪያ የደገስኩት በንጉሡ ዘመን ነው፤ ገና ከሙሽርነት አልወጣሁም። ተራውም የእኔ ሳይሆን የአማቴ የእማማ ዘነበች ነበር። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ «እስቲ ይህች ልጅ ትሞክረው። ካማረላት ጽዋው በስሟ ይለፍ። ካላማረላትም እኔ አልሞትኩ» አሉ። ሰው «አልሞትኩ» ተብሎ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? የእሳቸው ጠላ እኮ እስከ ቡራዩ ስሙ የተጠራ ነው። ገብሱ ከሱሉልታ ካልመጣ ጋን አያጥቡም። እኔ ደግሞ እናቴ ቤት ሳለሁ ጋን ያጠብኩ እንደሆነ እንጂ ጠምቄ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ጭንቀት አልበቃ ብሎ ባሌ እንግሊዝኛ ጀመረ።

ታደሰ ጸሐፊ ነው። ዕድገት ፈልጎ ከሥራ ሲወጣ ይማራል። ያን ሰሞን አስተማሪው ማወዳደር ጀምሮለት፣ «ፈረንጅ እንደኛ ይሻላል ብሎ ድርቅ አይልም። ሊሻል ይችላል፣ ይሻል ይሆናል፣ ቢሻል ጥሩ ነበር ነው የሚለው። ጨዋ ነው» አለኝ። ወይ ጨዋነት! መለማመጃው ማን መሰላችሁ? እኔ።

መጀመሪያ በሩቁ ነበር። «ሱሉልታ ከሰበታ ሊበርድ ይችላል» ይላል በእንግሊዝኛ። ይሁን፣ ይብረድ። «የገፈርሳ ውኃ ከእኛ ወንዝ ሳይጠራ አይቀርም።» ይህም ይሁን። ቀጥሎ ዓይኑ ገበታው ላይ ወረደ። «ዚስ ሽሮ ኩድ ቢ ቤተር።» አስተማሪው «ትርጉሙን ሳታስከትል አትቀመጥ» ብሎታልና ወዲያው አማርኛውን አስከተለ፤ «ይህ ሽሮ ከዚህ ሊሻል ይችል ነበር።» ብው ብዬ ሳህኑን ላነሳ ስል፣ «ከዚህ የበለጠ ታጋሽ መሆን ይገባሻል» የሚል ሌላ እንግሊዝኛ ጨመረልኝ። ከነትርጉሙ!

እንዲያው ምን አደርገዋለሁ? ሽንኩርት እየከተፍኩ ስሰማው፣ ስሰማው፣ ሳላስበው እኔም ለመድኩት። እሱ ሲሳሳት ማረም ሁሉ ጀምሬ ነበር። አማቴ ይህን አያውቁም። እሳቸው ልጃቸው ሲለፈልፍ እየሰሙ በኩራት ይፈዛሉ እንጂ እኔ የምሰማ አይመስላቸውም።

የድግሱ ቀን ሲቃረብ ፍርሃቴ ሁለት ሆነ። አንዱ ጠላው ነው። «ሰው በዝቶ ቢያንስብኝስ?» እያልኩ ስፈራ፣ ድፍድፉን ሳቀጥን ውኃ ጨመርኩ። አሁንም ስፈራ አሁንም ጨመርኩ። ሁለተኛው ባሌ ነው። «ታዴ፣ በሚካኤል ይዤሃለሁ፣ ሰው ፊት እንዳታወዳድር!» አልኩት። «እኔን ምን አገኘኝ ብለሽ!» አለኝ። አላመንኩትም።

ማኅበርተኛው መጣ። አባ ጸሎቱን አደረሱ፣ ጽዋው ዞረ፣ ተበላ። እኔ ዳቦውንም ወጡንም ትቼ እጅ እጃቸውን ነው የማየው። ወይዘሮ አስካለ፣ ያለፈው ወር ባለተራ፣ አንድ ዋንጫ ጠጡና ክድን። ከዓለም ገና ከተማ የመጡት ኦቦ ቶሎሳ፣ ሦስት አራቴ ሳያስቀዱ የማይነሱት ሰውዬ፣ ክድን። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢያችን፣ እሳቸውም ክድን። እማማ ዘነበች ደግሞ ለቅምሻ ያህል ብቻ አስቀድተው ጠጡና ዋንጫቸውን ከድነው እኔን እኔን ያዩኛል። «እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል፤ እኔ በልቤ «እጃችሁን ከዋንጫው ላይ አንሱልኝ» እላለሁ። ታደሰ ብቻ አዘነልኝ መሰለኝ፣ እያስቀዳ ይጠጣል።

ጨዋታው አልሞቅ ሲል ሙሴው፣ «እስቲ ታደሰ፣ ያን ፈረንጅኛህን አሰማን» አሉ። በዓይኔ ተማጠንኩት። የት ያየኛል! ዋንጫውን ይዞ ብድግ አለ። «ዚስ ጠላ ኩድ ቢ ስትሮንገር!» ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ግን ገብቶኛል። ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ በእናትህ ተቀመጥ! እሱ ግን ሳይተረጉም መቀመጥ አያውቅም። «ይህ ጠላ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከዚህ ሊጠነክር ይችል ነበር።»

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ጽዋው በእኔ ስም አያልፍም፤ ዕድሜ ልኬን «ያቺ ውኃ ያጠጣችን» ልባል ነው። እንባዬ መጣ።

ድንገት ኦቦ ቶሎሳ ጭናቸውን መትተው፣ «ዱጋ! እውነቱን ነው!» አሉና በሳቅ ፈረሱ። «ስማ ታዴ፣ ለእኔም አንድ በልልኝ። የወይዘሮ አስካለ ቤት ጢስ ከዚህ ሊቀንስ ይገባል! እኔ አላልኩም እንግዲህ፣ በፈረንጅኛ ነው!» ታደሰ አለላቸው። ወይዘሮ አስካለ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። የት! «ለእኔም በልልኝ፣» አሉ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ «የኦቦ ቶሎሳ ያምናው ዳቦ ከድንጋይ ይለሰልስ ይሆናል!» እሱንም አለ። ከዚያ ማን ይቁም! ስንት ዓመት በየሆዱ የታመቀው ሁሉ ወጣ። ሙሴው ሳይቀሩ፣ «አባታችን ይፍቱኝና፣ የአባ ቡራኬ ሊያጥር ይችላል» አስባሉ። አባም ስቀው ፈቱ። እንግሊዝኛ ነው፤ ማን ማንን ይቀየማል?

ሰው ሲስቅ ደግሞ ጉሮሮው ይደርቃል። እጅ ሁሉ ከዋንጫ ላይ ተነሣ። «ቅጂ እንጂ!» «ወዲህም!» ጋኑ ሊገለበጥ ምንም አልቀረው።

ያልሳቁት እማማ ዘነበች ብቻ ናቸው። ዋንጫቸው በመዳፋቸው እንደተከደነ ነው። ልጃቸውን በጣታቸው ጠሩትና በጆሮው አንድ ነገር አሉት። ታደሰ ደንግጦ አያቸው። «በል ብዬሃለሁ! ሲባል ልስማው» አሉት። ተነሣና ቀስ ብሎ፣ «ሃር ፈርስት ጠላ ማይት ሃቭ ቢን ወርስ ዛን ዚስ» አለ። ትርጉሙን ሊያስከትል አፉን ሲከፍት፣ እማማ መዳፋቸውን ከዋንጫው አንሥተው የልጃቸውን አፍ ክድን አደረጉት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ የተባለውን ግን ማንም አላወቀም። እኔ አውቄዋለሁ። «የእሳቸው የመጀመሪያ ጠላ ከዚህም የባሰ ሳይሆን አልቀረም» ነው ያለው። የእማማ ዘነበች! እስከ ቡራዩ የተጠራው!

ዋንጫቸውን ዘረጉልኝ። «ቅጂልኝ» አሉ። ሙሴው ጽዋው በማን ስም ይለፍ ሲሉ ደግሞ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «በልጅቱ ነዋ» ብለው ጠጡ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ዋንጫ ሳጥብ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አንቺ፣ ቅድም ያስባልኩት ገባሽ እንዴ?»

«ኧረ እማማ! እኔ እንግሊዝኛ ከየት አውቄ?»

«ጎሽ። ባታውቂ ይሻልሻል።»

«ይሻለኝ ይሆናል፣ እማማ» አልኳቸው።

ብዙ አዩኝ፤ ከዚያ ፎጣውን አነሡና ዋንጫውን ያደርቁልኝ ጀመር።