የማርታ አቤት

ዓይነ አፋር ሰው መዋሸት አይችልም የምትሉ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ተሳስታችኋል። ደፋር ሲዋሽ ዓይኑ ያጋልጠዋል፤ ዓይነ አፋር ግን ድሮም አቀርቅሮ ስለሚኖር ፊቱን ማን ያየዋል? ይህን የምለው ከራሴ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ ዋሽቻለሁ።

በጃንሆይ ዘመን ሶዶ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ዲሬክተሩ ብቅ ሲሉ ጥቁር ሰሌዳው ቢውጠኝ የምመኝ መምህርት ነበርኩ። አንድ ቀን ከዳሞታ ተራራ ግርጌ አንዲት እናት ስምንት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ማርታን ይዛ መጣች። ማርታ አትናገርም፤ የሰው ዓይን አታይም። የበቆሎ ፍሬ ስትደረድር ትውላለች፤ ከድርድሩ አንዷን የነካ እንደሆነ ግን ጉድ ፈላ። ዛሬ ኦቲዝም የሚሉት ይመስለኛል። ያኔ ስም አልነበረውም፤ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ያወጣለት ነበር፣ አንዱም አይጻፍም።

«ልጄ ይሰማል፤ አይናገርም እንጂ» አለችኝ እናቷ፣ ሴቷን ልጅ እንደ ወንድ በሚጠራ፣ በምትችለው አማርኛ። ገበያ ስትሄድ ከቤቱ ምሰሶ ጋር በገመድ እንደምታስራትም ነገረችኝ። መዘገብኳት።

ችግሩ ስም ጥሪው ነበር። በዲሬክተራችን ሕግ «አቤት» ያላለ ተማሪ ቀሪ ነው፤ ቀሪው ሲበዛ ይሰረዛል። ማርታ ከተሰረዘች ደግሞ ወደ ምሰሶዋ ተመላሽ ናት። ስለዚህ መዝገቡ ላይ አቀረቀርኩና «ማርታ» ብዬ ጠራሁ፤ ወዲያው ድምፄን አቅጥኜ «አቤት» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ግን የሚስቅ ጠፋ። እንዲያውም አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ቢጎረንን፣ ልጆቹ ከልባቸው አዝነው «እትዬ፣ ዛሬ ማርታን አሟታል» አሉኝ።

ለካ ማርታም ትከታተል ኖሯል። ለእሷ ሁሉ ነገር ተራ አለው፤ ከስሟ ቀጥሎ የእኔ አቤት መምጣት አለበት።

አንድ ሰኞ ዲሬክተሩ ራሳቸው ሊጠሩ መጡ። የማትናገር ልጅ አስገብተሻል አሉኝ፣ ዛሬ ካልመለሰች ነገ ስሟ የለም ብለው መዝገቡን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉ። ማርታ ላይ ደረሱ። ዝም። ደገሙ። ዝም። አርባ ልጅ እኔን ያያል፤ እኔ ከእሳቸው አንድ ክንድ ርቄ መሬት አያለሁ። ያን ጊዜ ማርታ ተነሣች። ቀጥ ብላ መጣችና አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀና አደረገችኝ። ተራሽን ረስተሻል መሆኑ ነው።

«አቤት» አለ አፌ፣ እኔን ሳያስፈቅድ።

ዲሬክተሩ ከመዝገቡ ቀና ሲሉ ማርታ ፊታቸው ተገትራለች፤ እኔ ተመልሼ አቀርቅሬያለሁ።

«አያችሁ?» አሉ ክፍሉን። «ስትጠራ ተነሥታ፣ ቀርባ፣ አቤት የምትል ተማሪ እንዲህ ናት። እናንተ ተቀምጣችሁ ትጮኻላችሁ!»

ከማግስቱ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ ተነሥቶና ቀርቦ አቤት እንዲል ታዘዘ። ስም ጥሪ እስከ እረፍት ሰዓት ይፈጅ ጀመር። መምህራኑ ይህን ማን አመጣብን እያሉ ሲያማርሩ እኔ አቀርቅሬ የሹራቤን ቁልፍ እቆጥር ነበር። ከአርባው ልጅ አንድም አልተነፈሰም፤ ዲሬክተሩም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሳይሰሙ አለፉ።

ወሬው ግን እናቷ ዘንድ ደረሰ። ነጠላዋ መሬት እየጠረገ እየሮጠች መጣች። «ልጄ ተናገረ አሉኝ?»

እሷን እንዴት ልዋሻት? አንድ በአንድ ነገርኳት፤ አገጬን እንዴት እንደያዘችኝ ጭምር። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ስሙን ያውቃል ማለት ነው» አለች።

ይህን እኔም ዲሬክተሩም አላሰብነውም ነበር። ማርታ አራተኛ ክፍል ድረስ ተማረች፤ አቤት ግን አላለችም። በየሰኔው መዝገቡና አቤቱ አንድ ላይ ለሚቀጥለው መምህር ይተላለፉ ነበር። ሁለተኛ ክፍል የተረከባት ሪዛም ባልደረባዬማ ቀጭን ድምፅ እስኪወጣለት ክረምቱን ሙሉ ተለማምዷል።