የባላምባራስ ጥጋቡ የነጭ ሽንኩርት ዘመቻ

ለሁሉ ዘመን ለሰጠ አምላክ ምስጋና ይሁንና፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ የባላምባራስ ጥጋቡ ቤት ቆርቆሮ በለበሰ በሦስተኛው ዓመት፣ ጎረቤታቸውን በድንበር ሙግት በረቱ በዓመቱ፣ ከአርብ ገበያ የተነሣ ጉንፋን ዳገቱን ወጥቶ፣ መንደር ለመንደር እያስነጠሰ፣ በጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም አጠገብ ወዳለው ግዛታቸው ደረሰ። ግዛታቸውም አንድ ቤት፣ አንድ በረትና አንድ አውድማ ነበረ።

በዚያም ወራት ልጃቸው ወለተ ሚካኤል በጓዳ፣ ከመጋረጃ ጀርባ አራስ ነበረች። የፊተኛውን ልጅዋን ሳል ነጥቋት ነበርና፣ አሁን የወለደቻትን ሴት ልጅ ከጡቷ አታወርዳትም ነበር። ባላምባራስም ይህን እያዩ እንቅልፍ አጡ፤ ፈሩም። ታሪክ ጸሐፊ ግን «ፈሩ» አይልም፤ «ተቈጡ» ይላል።

ወእምዝ ተቈጥተው ተነሡ፤ ሠራዊታቸውንም አሰለፉ። በቀኝ ነጭ ሽንኩርት፣ በግራ ፌጦ፣ በደጀን ዳማከሴ ቆመ፤ በአጥሩ በር ልጃቸው ሀብቴ ባለ ሽመሉ፣ በአጠገቡም ጥርሱ የረገፈው ውሻ ዘብ ሆኑ። ባላምባራስ ራሳቸው ነጭ ሽንኩርት በልተው፣ በአንገታቸው አስረው፣ በአፍንጫቸው ወትፈው፣ እስትንፋሳቸው በቅሎ እስኪያስደነብር ድረስ ታጥቀው፣ ከደጃፍ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«በአጥሬ ውስጥ ያለህ፣ ሰውም ሁን በግ፣ ስማ። ከገበያ የመጣ ማንንም አይሳም። ያስነጠሰ ደጄን አይርገጥ። የሳለ ከአጥር ማዶ ቆሞ ይጣራ። ይህን አፍርሶ የተገኘ፣ ዘመዴም ቢሆን፣ ጠላዬን አይቀምስም።»

የአዋጁም ግርማ ጽኑ ነበረ፤ አማቻቸው አቶ ደጉ እንኳ የሚስቱን ጤና ከአጥር ማዶ ጠይቆ ተመለሰ።

ነገር ግን ያልተባረከ ምሽግ ምሽግ አይደለምና፣ ባላምባራስ ባሕረ ጥበብ፣ ዓምደ ቅኔ የሆኑትን የኔታ ወልደ ሩፋኤልን አስጠሩ፤ አዋጁ በካህን ላይ እንደማይሠራ ሀብቴም ውሻውም ያውቁ ነበርና በሩ ተከፈተ። የኔታም ካስነጠሱ በኋላ መስቀል አሳለሙ፤ ከዚያም እንደ አባቶች ወግ በእያንዳንዱ ፊት ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» እያሉ ሠራዊቱን በልግስና መረቁ። ባላምባራስም ይጨምሩልኝ ብለው ሁለተኛውን ጉንጫቸውን ሰጡ።

የኔታ ወደ መጋረጃው ሲራመዱ ግን፣ ከአፍንጫቸው ጫፍ የተንጠለጠለችውን ጠብታ ያዩት የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አመተ ማርያም ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም ክንዳቸውን ዘርግተው ሌላ አዋጅ አወጁ፦

«ካህንም ይሁን የቤቱ ጌታ፣ ከዚህ መጋረጃ የሚያልፍ የለም። የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና ምርቃቱን ከዚያው ይስጡን፤ እግዚአብሔር ከሩቅም ይሰማል።»

ባላምባራስ በእንግዳ ፊት ደማቸው ፈላ፤ ሊገሥጹም አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ማስነጠስ ነበረ፤ ሽንኩርቱም ከአፍንጫቸው ተወርውሮ ከየኔታ ጥምጥም ላይ ዐረፈ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሀብቴ ከነሽመሉ ተኛ። ባላምባራስም ትኩሳት ይዟቸው ወደ አውድማው ጎጆ ወረዱ፤ ይህንንም ታሪክ ጸሐፊ «ሰፈር ለወጡ» ብሎ ይጽፋል። በዚያም ሳሉ የሕፃኗን ልቅሶ ከሩቅ በሰሙ ጊዜ እንባቸው ወረደ፤ የሽንኩርት ነው አሉ።

አንድ ማለዳ ወይዘሮ አመተ ማርያም ሕፃኗን ታቅፈው ከደጃፍ ብቅ አሉ። ባላምባራስ እስከ አጥሩ ሮጡ፤ ሳል ሲመጣባቸውም ቆሙ፤ የመጨረሻውንም አዋጅ በተዘጋ ድምፅ አሰሙ፦

«የልጅ ልጄን አሳዩኝ፤ አታቅርቡልኝ።»

እነሆ የባለ ቆርቆሮው፣ የባለ ሽንኩርቱ፣ የበቅሎ አስደንባሪው የባላምባራስ ጥጋቡ ስም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይጠራ። የሌሎች ጀግኖች ገድል ሰብረው የገቡበትን ደጅ ያወራል፤ የእርሳቸው ግን ሊገቡ እየጓጉ ያልገቡበትን። በዚያም ጉንፋን ከቤቱ ሰው ያልሳሉት ሕፃኗ፣ እናቷና የመጋረጃው ጠባቂ ነበሩ።