እስከ ድልድዩ

ባለቤቴ ማረፉን የሰማሁት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስዞር ነው። በሩ ላይ አወረድኩት፣ ወንድሜ ደግፎት ገባ፣ እኔ ቦታ ልፈልግ ሄድኩ። ቦታ ጠፍቶ ስመላለስ ወንድሜን ደረጃው ላይ አየሁት። ወንድሜ ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ያን ቀን ግን ወደ መኪናዋ እየሮጠ መጣ። አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሁለት ሰዎች ቤቴ ቀሩ። አንዱ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖረው፤ ከፖስታ ቤት ጡረታ ወጥቷል፤ አላውቅም ብሎ ስለማያውቅ ቤተሰቡ «ሊቁ» ይለዋል። ሌላው ወንድሜ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ «ዝግታ» ይሉታል። ሊቁ መኪናዋን «የወንድሜ ማስታወሻ» ብሎ ወደ ቤቱ ሊወስዳት ቆርጧል። እኔ ደግሞ የምሰፋውን የተማሪ ዩኒፎርም ለሱቆች የማደርሰው በእሷ ነው። ይህን አያውቅም። እኔም ከሐዘን ሳልወጣ ከባሌ ወንድም ጋር በመኪና መከራከር ከብዶኝ ዝም አልኩ። ኢንሹራንሷ አልቆ ስለነበር ከመሄዱ በፊት አዲስ መግባት ነበረበት። ይህ እንግዲህ መስኮቱ ሥር እየሰፋሁ የሰማሁት ነው።

[ግቢው ውስጥ መኪናዋ ቆማለች። ሊቁ የኢንሹራንሱን ወረቀት ኮፈኑ ላይ ዘርግቷል። ዝግታ ባልዲ ደፍቶ ተቀምጧል።]

ሊቁ፦ ነጭ ናት አልኩህ እኮ።

ዝግታ፦ ክሬም ናት ጋሼ።

ሊቁ፦ ክሬም የሚባል ቀለም የለም። የቆሸሸ ነጭ ነው።

ዝግታ፦ ስትታጠብ ነጭ ትሆናለች ማለት ነው?

ሊቁ፦ ትሆናለች።

ዝግታ፦ ጠዋት አጥቤያት ነበር።

ሊቁ፦ የአንተ ማጠብ አይቆጠርም። ከፊት ጀምረህ ኋላዋ ስትደርስ ፊቷ መልሶ ይቆሽሻል።

ዝግታ፦ እውነት ነው። ደንበኞቼም ያሙኛል። የግራውን ጨርሼ ወደ ቀኝ ስዞር የግራው ያድጋል ይላሉ።

ሊቁ፦ ተወው፣ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ይኸ ጥላ ኢንሹራንስ የምትሉት የሠፈራችሁ ድርጅት መመርመር አለበት። ምን ይሸፍናል፣ ምን ይቀንሳል፣ ሲቸግርህስ ይደርሳል ወይ።

ዝግታ፦ እንደ አማች።

ሊቁ፦ የምን አማች?

ዝግታ፦ አማችም ሲመረመር እንደዚሁ ነው።

ሊቁ፦ አንተ ዝም ብለህ ስማ። ሁለት ዓይነት አለ። ርካሹ የሦስተኛ ወገን ይባላል።

ዝግታ፦ ሦስተኛው ማን ነው?

ሊቁ፦ የምትገጨው ሰው።

ዝግታ፦ የማላውቀው?

ሊቁ፦ የማታውቀው። ብትገጨው ድርጅቱ ይክሰዋል።

ዝግታ፦ እኔንስ?

ሊቁ፦ አንተን ማንም አይክስህም።

ዝግታ፦ እንግዲያው መገጨቱ ይሻላል።

ሊቁ፦ ለዚህ እኮ ነው ሙሉውን የምንገባው። ሙሉው ሁሉን ይሸፍናል። እሳት ቢሉ፣ ጎርፍ ቢሉ፣ ሌባ ቢሉ፣ በረዶ ቢሉ።

ዝግታ፦ ፍየልስ?

ሊቁ፦ ፍየል ምን አመጣት?

ዝግታ፦ የጎረቤት ፍየል ኮፈኑ ላይ ትወጣለች። አሁን ክንድዎን ያሳረፉበት ጎድጎድ ያለው ቦታ የእሷ ነው።

ሊቁ፦ [ክንዱን አንስቶ እጅጌውን እያራገፈ] ፍየል... ፍየል... ይኸውና፣ «ሌሎች ድንገተኛ አደጋዎች» ይላል። እዚህ ውስጥ ትገባለች።

ዝግታ፦ ድንገተኛ እንኳን አይደለችም። በየቀኑ ነው የምትመጣው።

ሊቁ፦ አንተን ያስተማረ ሰው የት ይሆን ያለው?

ዝግታ፦ እሱም እኔ ጋ ነው የሚቆረጠው።

ሊቁ፦ እሺ። ሽፋኑ ደኅና ነው እንበል። ግን ሲቸግርህ ይደርሳሉ ወይ? ትልልቆቹ ኩባንያዎች ባለ ፎቅ ናቸው። እነዚህ ከዳቦ ቤት በላይ ሁለት ክፍል ይዘው ነው የተቀመጡት።

ዝግታ፦ ይደርሳሉ። ባለታክሲው ተገጭቶ የደወለ ዕለት ወኪሉ በእግሩ ሮጦ ደረሰ። ፀጉሩ በግማሽ ተቆርጦ።

ሊቁ፦ በግማሽ ለምን?

ዝግታ፦ እኔ ወንበር ላይ ነበራ።

ሊቁ፦ ካሳውስ? ወር ሁለት ወር አመላለሱት?

ዝግታ፦ የለም። ታክሲው ተጠግኖ ሲወጣ እኔ የወኪሉን ሌላውን ግማሽ ገና አልጨረስኩም ነበር።

ሊቁ፦ በአንተ ሰዓት ከተለካ ምንም ነገር ፈጣን ነው። [ብዕሩን አወጣ] ይሁን፣ እንገባለን። ዋጋው ግን ይከብዳል። ዕውቀት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ቅናሽ ዝም ብለህ ስትቀመጥ የሚመጣ አይምሰልህ። ፈልፍለህ ነው የምታወጣው።

ዝግታ፦ እንዴት ነው የሚፈለፈለው?

ሊቁ፦ እያየህ ተማር። «መኪናው የሚቆለፍ ግቢ ውስጥ የሚያድር ከሆነ አሥር በመቶ ይቀነሳል።»

ዝግታ፦ የእርስዎ ግቢ ይቆለፋል ጋሼ?

ሊቁ፦ የኔ ቤት መንገድ ዳር ነው።

ዝግታ፦ እና አሥሩ ሊቀርብን ነው?

ሊቁ፦ ለምን ይቀርብናል? የዚህን ቤት ግቢ እንጽፋለና። ለወረቀት ነው እኮ።

ዝግታ፦ ለወረቀት ነው። ቀጥሎስ ምን አለ?

ሊቁ፦ «የሠፈሩ ነዋሪ የእጅ ሥራውን ለሱቆች የሚያደርስበት ከሆነ።» አየህ፣ የአገሬውን ሰው ለመሳብ ነው። የኔ ሥራ እንግዲህ ጡረታ ነው።

ዝግታ፦ ጡረታ ለሱቅ አይደርስም?

ሊቁ፦ አይደርስም። ቆይ፣ እህትህ ትሰፋለች አይደል? «ዩኒፎርም ማድረሻ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ አሥር ወደቀልን።

[እውነቱን ጻፈ። እኔ ከስፌቴ ቀና አላልኩም።]

ዝግታ፦ አንጀቴን አራሱት ጋሼ። ሌላስ የለም?

ሊቁ፦ «አንድ ሹፌር ብቻ፣ እሱም ምንም አደጋ አድርሶ የማያውቅ ከሆነ አሥር በመቶ።» ይኸ እንኳን ራሴ ነኝ።

ዝግታ፦ የጎረቤትዎ የውሃ በርሜልስ?

ሊቁ፦ በርሜሉ ቦታው አልነበረም።

ዝግታ፦ በረንዳቸው ላይ ነበር።

ሊቁ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ንጹሕ ስም ያስፈልገናል። አንተስ?

ዝግታ፦ እኔ ገና መንጃ ፈቃድ አላወጣሁም። ፈተና ላይ ነኝ።

ሊቁ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ዝግታ፦ ፈታኙ ጡረታ ወጣ።

ሊቁ፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እንቁላሉ ሄዶ አንተ ቀረህ። እህትህስ መንጃ ፈቃድ አላት?

ዝግታ፦ አላት።

ሊቁ፦ ጎሽ። መሪ ጨብጣ ስለማታውቅ የገጨችው ነገርም አይኖርም። ካልተነካ መንጃ ፈቃድ የበለጠ ንጹሕ ስም ከየት ይመጣል? እሷን እንጻፍ።

ዝግታ፦ እሷን ብቻ?

ሊቁ፦ «አንድ ሹፌር ብቻ» ይላል። ማንበብ አትችልም?

ዝግታ፦ እችላለሁ፣ እስክጨርስ ነው። እርስዎም ይግቡ እንዳልል ቅናሹን ያጠፋብናል።

ሊቁ፦ ገብቶሃል። ለወረቀት ነው።

[ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አለኝ። ዝግታ አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ አየ፤ ደግሞ ወደ ጫማው።]

ዝግታ፦ አለቀ አይደል ጋሼ? እዚያች ታች ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ትቅር።

ሊቁ፦ የምን ትቅር! ሰውን የሚያከስረው ደቃቁን አለማንበብ ነው። [መነጽሩን አድርጎ] «መኪናው ከወንዙ ድልድይ ወዲያ የማይሻገር ከሆነ ሃያ በመቶ ይቀነሳል።» ሃያ! አንተ ይህን ልታስቀርብኝ ነበር።

ዝግታ፦ እኔ ደቃቅ ጽሑፍ ስለማይታየኝ ነው።

ሊቁ፦ አትሻገርም፣ ጻፍኩ። እንካ፣ እህትህ ትፈርም።

[ወረቀቱ በመስኮት መጣልኝ። ፈርሜ መለስኩ። ሊቁ ስልኩን አወጣ።]

ሊቁ፦ ሃሎ፣ ጥላ ኢንሹራንስ? ስለ ነጯ መኪና ነበር... መዝገባችሁ ምን ይላል? [ዝግታን በጎሪጥ እያየ] ይሁን፣ ክሬሟ። አዎ፣ ሙሉውን። አዎ፣ ቅናሾቹን በሙሉ። አዎ፣ ሹፌሯ እሷ ብቻ ናት። ድልድዩ ጋማ ዝር አትልም። ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ጸንቷል? እግዜር ይስጥልኝ። [ስልኩን ዘግቶ] ዋጋውን በግማሽ አስወረድኳቸው። የተማረ ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር እንዲህ ነው። በል ቁልፉን አምጣ፣ ሳይመሽ ቤቴ ልግባ።

[ዝግታ ቁልፉን አመጣ። ለማምጣት ጊዜ ወሰደበት። ሊቁ መሪው ጋ ገባና ጉልበቱ መሪው ሥር ተወሸቀ።]

ሊቁ፦ ይህን መቀመጫ ማን ነው እንዲህ ያስጠጋው? ወንድሜ እግረ ረጅም ነበር።

ዝግታ፦ ወንድምዎ እዚያ አይቀመጥም ነበር ጋሼ።

ሊቁ፦ የት ይቀመጥ ነበር ታዲያ?

ዝግታ፦ ከጎን። ዓይኑ ከደከመ ጀምሮ።

ሊቁ፦ ማን ይነዳ ነበር?

[ዝግታ ወደ መስኮቱ ብቻ አየ። ሊቁም አየ። እኔ የያዝኩትን ኮሌታ መስፋቴን ቀጠልኩ።]

ሊቁ፦ እኔ ቤት ሲመጡ ሁልጊዜ...

ዝግታ፦ በርዎ ላይ ቆመው ነው የሚያገኟቸው። እህቴ መኪናዋን መንገዱ ጥግ ላይ አቁማ፣ ወርዳ፣ ደግፋው ነበር የምትመጣው። «ታላቄ ዓይኔ ጠፋ ብሎ እንዳይጨነቅ አትንገሩት» ያለን እሱ ራሱ ነው።

ሊቁ፦ «ወንድሜ እንዴት አድርጎ ነው የሚነዳው፣ ሞተሩ እንኳን ሳይሰማ ይደርሳል» ስል ነው የኖርኩት።

ዝግታ፦ ሲመለሱ በመንገድ ሙሉ ሲስቅ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን እንዲያውም «ታላቄ ጎበዝ ሹፌር ነህ ብሎኛል፣ በይ ወደ ቀኝ ታጠፊ» አላት።

[ሊቁ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ትከሻው ተነቃነቀ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ መጀመሪያ አልለየሁም። ሳቅ ነበር። ከዚያ መሐረቡን አወጣ።]

ሊቁ፦ ይሁን። ቢሆንም ቤቴ እወስዳታለሁ ብያለሁ፣ ቃሌን...

ዝግታ፦ ቤትዎ ከድልድዩ ወዲያ ነው ጋሼ።

ሊቁ፦ እሱ ለወረቀት ነው።

ዝግታ፦ ኢንሹራንስ ከወረቀት ሌላ ምን አለው?

ሊቁ፦ [ወረቀቱን አውጥቶ እንደገና ማንበብ ጀመረ]

ዝግታ፦ ቢነዷት ሹፌሯ እርስዎ አይደሉም። ቢያሳድሯት ግቢዎ አይቆለፍም። አንድ በርሜል ቢነኩ ደግሞ ወኪሉ አይመጣም። ያው እኔ ጋ ተቀምጦ ፀጉሩን ያስጨርሳል።

ሊቁ፦ [ቀስ ብሎ ከመኪናዋ እየወረደ] አንተ ሰውዬ። «ግቢዎ ይቆለፋል ወይ» ያልከኝ፣ «ደቃቋ ትቅር» ያልከኝ... አስበህበት ነው?

ዝግታ፦ እኔ ምን አስባለሁ ጋሼ። መርምረው ያገኙት እርስዎ ነዎት።

ሊቁ፦ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ሳሳልፍ ኖሬ፣ በራሴ ብዕር ያሰረኝ ፀጉር ቆራጭ ይሁን? [ቁልፉን አየው፤ መጥቶ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠልኝ] በይ እኅቴ፣ ኢንሹራንስሽን ጥሩ አድርጌ ገብቼልሻለሁ። ከዚህ የተሻለ አታገኚም።

እኔ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

ሊቁ፦ እንግዲህ አውቶቡስ ልፈልግ።

ዝግታ፦ ለምን አውቶቡስ? እህቴ ታደርስዎታለች።

ሊቁ፦ እስከ ቤቴ?

ዝግታ፦ እስከ ድልድዩ።

ስፌቱን አስቀምጬ ወጣሁ። ሊቁ የጎኑን በር ከፍቶ ወደ ውስጥ አየና መልሶ ዘጋው፤ ከኋላ ገባ። በመንገድ ላይ ፍጥነት ቀንሺ፣ ወደ ግራ ያዢ እያለ አስተማረኝ፤ እሺ አልኩት። ድልድዩ አፋፍ ላይ ወርዶ በእግሩ ተሻገረ፣ መሃሉ ላይ ዞሮ እጁን አነሳልኝ።

የጎኑ መቀመጫ ባለቤቴ በመጨረሻው ቀን እንደተንጋለለበት ነው። እስካሁን አላቀናሁትም።