ትከሻዬና ዲኑ

የአዲስ አበባ ሰው ኮድ መጻፍ ሳይማር ነው ፖሊሞርፊዝም የሚችለው! አትሳቁ... ላስረዳችሁ። (ማስረዳት ሱሴ ነው፤ ካዛንቺስ ባለች አንዲት ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ ሳስተምር ሁለተኛ ዓመቴ ነው።)

«ሰላም በል» የሚባል ሜተድ፣ ማለትም በአንድ ስም የሚጠራ የትእዛዝ ጥቅል፣ አለ እንበል። ስሙ አንድ ነው፤ አሠራሩ ግን እንደሚሰጡት ሰው ይለያያል። አዛውንት ሲሰጡት ጎንበስ ብሎ በሁለት እጅ ይጨብጣል። አክስት ሲሰጡት ጉንጭ እያፈራረቀ ይስማል። እኩያ ሲሰጡት ጨብጦ ይስብና ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል። ኦቨርሎዲንግ የሚባለው የፖሊሞርፊዝም ዓይነት ይኸው ነው! የትኛው እንደሚሠራ የሚመርጠው፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለሩ ነው። የሚመርጠውም ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር፣ «ይህ እንዲህ ዓይነት ነው» ተብሎ የተነገረውን አምኖ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ... ጉዴ ያለው እሷ ላይ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ስገመገም ነበር። ውሌ የሚታደሰው ግምገማውን ካለፍኩ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባዬን ብሩክን ጠየቅሁት።

«የሚገመግመኝ ማነው?»

«አዲሱ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ። አይዞህ፣ እኩያችን ነው። ቀለል ያለ ልጅ ነው፣ በቃ!»

እኔ ደግሞ ሁሉን ነገር አስቀድሜ ካልወሰንኩ ሻይ እንኳ አይወርድልኝም። ወሎ ሰፈር ታክሲ ስሳፈር ወስኜ ጨርሻለሁ፤ የትከሻ ሰላምታ! ኦሎምፒያ ስንደርስ ተቀምጬ ልምምድ ጀመርኩ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ጨነቃቸው።

«ልጄ፣ ትከሻህን አመመህ እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ለሥራ ነው።»

ክፍል ገብቼ ሦስቱን ሰላምታዎች ሰሌዳው ላይ ጽፌ እንደጨረስኩ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ፣ እጅ ጨበጥኩ፣ ሳብኩ... ሽበቱን ያየሁት ያኔ ነው! ኃላፊው ቀርቶ በእሱ ፈንታ የኮሌጁ ዲን ራሳቸው መጥተዋል። ግን የተወረወረ ትከሻ እንዴት ይመለሳል? ጓ! መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጣ። ይባስ ብሎ አፌም «እንዴት ነህ ወንድሜ!» ብሏል።

ከፊት የምትቀመጠው ሀያት እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኮምፓይለሩ ለምን ኤረር አላለም?»

እኔ ደግሞ ጥያቄ ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም!

«ኮምፓይለሩ ሰውየውን አላያቸውማ! ‹እኩያ› የሚለውን ነው ያየው። በተነገረው መሠረት ትክክል ነው።»

«ማለቴ... ጥፋቱ የነገረዎት ሰው ነው?»

«የእሱም ነው። ሳያይ የወሰነው ግን እኔ ነኝ።»

ዲኑ ከኋላ ተቀምጠው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ይጽፋሉ። እኔም እያስተማርኩ በሐሳቤ የሥራ ማመልከቻ እጽፋለሁ።

ሲወጡ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ጎንበስ አልኩ፤ ግንባሬ ጉልበቴን ሊነካ ምንም አልቀረው። እሳቸው ግን እጄን ያዝ፣ ሳብ... ጓ!

«በዚህ ሁሉ ዘመኔ ይህን ትምህርት በአካል ያስረዳኝ የለም» አሉ። «ውልህ ይታደሳል።»

«እርስዎ ግን... በትከሻ?»

«እኔ አይቼ ነው የምወስነው።»

ዲኑ እንዲህ ጠንካራ አጥንት እንዳላቸው ማን ነገረኝ? እኚያን የታክሲ ሴትዮ ያገኛችሁ፣ ንገሩልኝ፤ አሁን አሞኛል።