አክስቴ መዲና ዓይኗ በርቶ መጀመሪያ ያየችው ነገር

ወገን፣ ዛሬ በሙያዬ ከብሬ በመልኬ ተዋረድኩ! ያውም በአንድ አፍታ!

ቪዲዮ እለቃለሁ ብዬ ሳስጎመጃችሁ ሰነበትኩ አይደል? እርሱት። ቪዲዮው አለ፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ግን አይለቀቅም።

ለአዲስ ተከታዮች፦ ሰይድ እባላለሁ፣ የሐይቅ ልጅ፣ የዓይን ሐኪም። ሬዚደንሲዬን፣ የስፔሻሊስትነት ሥልጠናዬን፣ የሠራሁት ህንድ ነው። ጦርነቱ አገራችን የደረሰው እዚያ እያለሁ ነው። የሆስፒታላችን መሣሪያ ተዘርፎ፣ አልጋው ሳይቀር ሄዶ፣ "እዚያው ቅር፣ በምን ልትሠራ ትመጣለህ?" ያላለኝ ሰው የለም።

መጣሁ!

ዓረብ አገር ያሉ የሰፈራችን ልጆች ደግሞ አዋጥተው የዓይን ኦፕሬሽን የሚሠራበት ማይክሮስኮፕ ላኩልን። በሰው ቤት እየለፉ! ይሄን ሳስብ ደረቴ ይነፋል፣ አልዋሻችሁም።

ማይክሮስኮፑ መጣ፣ በሽተኛው ጠፋ። "ዓይን በምላጭ ይነካል እንዴ?" ብሎ አገሩ ሁሉ ፈራ።

በመጨረሻ አክስቴ መዲና ደፈረች። የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጋርዶባት ሰው የምትለየው በድምፁ ነበር። ስመለስም ትከሻዬን ዳብሳ ነው የተቀበለችኝ።

ትናንት ቀኝ ዓይኗን ሠራሁላት። ዛሬ ጠዋት ፋሻው ሊፈታ ነው።

ዋርዱ ጢም ብሏል። ከውጫሌ የመጡት ገበሬ፣ ጋሽ ደምሴ፣ ለኦፕሬሽን ተመዝግበው ሲያበቁ ጓዛቸውን ጠቅልለው አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። "የሷን አይቼ ነው" አሉኝ። (ማየት እኮ ነው ችግራቸው!) ሌሎቹም እንደዚያው።

አክስቴ ካላየች ሁሉም ወደ ቤታቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ማን ይመጣል? የተማርኩትም የተመለስኩትም ለምን ሊሆን ነው?

እኔ ግን አምሬያለሁ! የተተኮሰ ጋወን፣ ሽቶ፣ ፀጉር በጄል! ነርሷ በስልኬ እየቀረጸች ነው።

ፋሻውን ፈታሁ።

አክስቴ ጨፈን፣ ገለጥ አደረገች። አፍጥጣ አየችኝ።

"ሰይዶ?"

"አቤት አክስቴ! ታየሁሽ?"

"ያ ረቢ! ጠጉርህን ምን በላው?"

ዋርዱ በሙሉ ጆሮውን አቆመ።

"መላጣ ሆነሃል እኮ! ደሞ ከጆሮህ በላይ ያለችውን አሳድገህ፣ ወዲህ አምጥተህ ነው የሸፈንከው? ኧረ አታስቀኝ! ወላሂ አንድ በአንድ ትታየኛለች!"

ህንድ አብረውኝ የኖሩት እንኳ ያልነቁብኝን!

ነርሷ ሳቋን አፍና ስልኬ በእጇ ይንቀጠቀጣል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ከዚያ አክስቴ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። "አብሽር ልጄ፣ አምሮብሃል። አልሀምዱሊላህ፣ አየሁህ" ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ልደብቃችሁ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ድምፁ ዘንበል ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ጓዛቸውን መፍታት ጀመሩ። "ይሄን ሁሉ ካየችማ ምላጩም ይግባ! ዶክተር፣ እኔን መቼ ነው?"

ከሰዓት በፊት ዋርዱ በሙሉ እሺ አለ። አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልተመለሰም! ኮራሁ፣ እስከ መላጣዬ ድረስ ኮራሁ!

አሁን ምክራችሁን፦ እቺን ፀጉር ልላጫት ወይስ ለዓይን ምርመራ ላቆያት?